የጉሮሮ ሕመምና በአፍ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ግንኙነት

የጉሮሮ ሕመም በከተማም ሆነ በገጠር፣ በሕፃናትም ሆነ በአዋቂዎች ላይ በተደጋጋሚ የሚከሰት የጤና ችግር ነው፡፡ አብዛኛው ሰው ሕመሙን ከብርድና ከአቧራ ጋር በማያያዝ ትኩስ ነገር በመጠጣት፣ ማርና ነጭ ሽንኩርት በመውሰድ ወይም ከመድኃኒት መደብር ጥቂት እንክብሎች ገዝቶ በመዋጥ ለማለፍ ይሞክራል፡፡ በብዙዎች ላይም ሕመሙ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሻላል፡፡ ይሁን እንጂ ከጉሮሮ ሕመሞች መካከል አንዳንዶቹ በወቅቱ ካልታከሙ ልብን ለዘለቄታው የሚጎዱ በመሆናቸው የትኛው በራሱ እንደሚድን፣ የትኛው ደግሞ ሕክምና እንደሚያስፈልገው ለይቶ ማወቅ ከፍተኛ ጠቀሜታ አለው፡፡

ይህን ለመለየት በቅድሚያ ሁለት ነገሮችን አለማምታታት ይገባል፡፡ አንደኛው በጤናማ ሰው አፍ ውስጥ ዘወትር የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ሲሆኑ፣ ሁለተኛው ከሌላ ሰው ተላልፈው ጉሮሮን የሚያጠቁት በሽታ አምጪ ተህዋስያን ናቸው፡፡ የአፍ ነዋሪዎቹ በአብዛኛው የጉሮሮ ሕመም አያስከትሉም፤ እንዲያውም ሰውነትን ከእንግዳ ተህዋስያን በመከላከል ረገድ ድርሻ አላቸው፡፡ ነገር ግን የጥርስና የድድ ጤንነት ሲጓደል፣ ወይም ቀደም ሲል በጉሮሮ ሕመም መዘዝ የተጎዳ ልብ ሲያገኙ እነዚሁ ነዋሪዎች ለሕይወት አስጊ ይሆናሉ፡፡

የአፍ ውስጥ ነዋሪዎች

በሰው አፍ ውስጥ ባክቴሪያዎች መኖራቸውን በመጀመሪያ የተመለከተው የኔዘርላንድ ተወላጁ አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ ነው፡፡ ሌቨንሁክ ከጥርሶቹ መካከል ያወጣውን ነጭ ቆሻሻ ራሱ በሠራው አጉሊ መነጽር መርምሮ በውስጡ የሚንቀሳቀሱ እጅግ ጥቃቅን ፍጥረታት ማየቱን እ.ኤ.አ በ1683 ለንደን ለሚገኘው ሮያል ሶሳይቲ በደብዳቤ አሳውቋል፡፡

ከዚያን ጊዜ ወዲህ በተደረጉ ምርምሮች ከ700 የሚበልጡ የባክቴሪያ ዝርያዎች በሰው አፍ ውስጥ እንደሚገኙ ታውቋል፡፡ በአንድ ሰው አፍ ውስጥ የሚኖሩት ከእነዚህ ከፊሎቹ ሲሆኑ፣ በአንድ ሚሊ ሊትር ምራቅ ውስጥ ብቻ በመቶ ሚሊዮን የሚገመቱ ባክቴሪያዎች ይገኛሉ፡፡ ሁሉም በአንድ ስፍራ አይኖሩም፡፡ በምላስ፣ በጉንጭ ውስጠኛ ክፍል፣ በጥርስ ላይና በቶንሲል ስርጉድ ቦታዎች የሚኖሩት የተለያዩ ናቸው፡፡ በጥርስና በድድ መካከል ባለው ጠባብ ስፍራ ደግሞ አየር የማይፈልጉ ዓይነቶች ይበዛሉ፡፡

ሕፃን ከተወለደበት ሰዓት ጀምሮ ከእናቱና ከአካባቢው ባክቴሪያዎችን ይቀበላል፡፡ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በሕፃኑ ምላስና ጉሮሮ ላይ ከሚሰፍሩት አንዱ ስትሬፕቶኮከስ ሳሊቫሪየስ የሚባለው ነው፡፡ ይህ ባክቴሪያ ስፍራና ምግብ ቀድሞ በመያዝ፣ አንዳንድ ዝርያዎቹም ሌሎችን የሚገድሉ ፕሮቲኖች በማመንጨት፣ ለጉሮሮ ሕመም መነሻ የሚሆነው ባክቴሪያ በቀላሉ እንዳይደላደል ያግዛል፡፡ በመሆኑም የአፍ ነዋሪዎችን በሙሉ እንደ ጠላት ቆጥሮ ለማጥፋት መሞከር የሚቻልም የሚጠቅምም አይደለም፡፡

የጉሮሮ ሕመም መንስኤዎች

አብዛኛውን የጉሮሮ ሕመም የሚያስከትሉት ጉንፋንን የመሳሰሉ በሽታዎችን የሚያመጡ ቫይረሶች ናቸው፡፡ ከባክቴሪያዎች መካከል ግን ዋነኛው መንስኤ ስትሬፕቶኮከስ ፓዮጂንስ ወይም በሌላ መጠሪያው ቡድን ኤ ስትሬፕቶኮከስ የሚባለው ነው፡፡ በልዩ ልዩ አገሮች በተደረጉ ጥናቶች መሠረት የጉሮሮ ሕመም ይዟቸው ወደ ሕክምና ከሚመጡ ሕፃናት መካከል ከ20 እስከ 30 በመቶ፣ ከአዋቂዎች ደግሞ ከ5 እስከ 15 በመቶ የሚሆኑት በዚሁ ባክቴሪያ የተያዙ ናቸው፡፡ ባክቴሪያው ይበልጥ የሚያጠቃው ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 15 ዓመት የሚደርሱ ልጆችን ነው፡፡

ይህ ባክቴሪያ በተፈጥሮ የሚኖረው በሰው ላይ ብቻ ነው፡፡ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፈው በሳልና በማስነጠስ ወቅት በሚወጡ ጥቃቅን የምራቅ ጠብታዎችና በቅርብ ንክኪ ሲሆን፣ ብዙ ሰዎች ተፋፍገው በሚኖሩባቸው ቤቶች፣ በመማሪያ ክፍሎች፣ በወታደር ካምፖችና በማረሚያ ቤቶች በፍጥነት ይዛመታል፡፡ ባክቴሪያው ከገባ ከ2 እስከ 5 ቀናት ባለው ጊዜ ውስጥ ሕመሙ በድንገት ይጀምራል፡፡

በስትሬፕቶኮከስ ምክንያት የሚመጣው የጉሮሮ ሕመም ከቫይረሱ የሚለይባቸው ምልክቶች አሉ፡፡ ድንገተኛ ትኩሳት፣ ለመዋጥ መቸገር፣ የቶንሲል ማበጥና በላዩ ላይ ነጭ መግል መታየት እንዲሁም በአንገት ፊት ለፊት በኩል ሲነካ የሚያምም ንፍፊት መውጣት ባክቴሪያውን የሚያመለክቱ ናቸው፡፡ በአንጻሩ ሳል፣ የአፍንጫ ፈሳሽ፣ የድምፅ መጎርነንና የዓይን መቅላት ካሉ መንስኤው ቫይረስ የመሆኑ ዕድል ከፍ ያለ ነው፡፡ ሆኖም ምልክቶች ብቻቸውን እርግጠኛ ስለማያደርጉ ላቦራቶሪ ባለበት ከጉሮሮ ናሙና ወስዶ መመርመር ይመረጣል፡፡

በነዋሪና በበሽታ አምጪ መካከል ያለው ወሰን ሁልጊዜ ግልጽ አይደለም፡፡ ጤናማ ከሆኑ 100 ሕፃናት መካከል በ12 ያህሉ ጉሮሮ ውስጥ ስትሬፕቶኮከስ ፓዮጂንስ ያለ ምንም ሕመም ሊገኝ እንደሚችል ጥናቶች ያመለክታሉ፡፡ እነዚህ ልጆች ባክቴሪያውን ተሸክመው የሚኖሩ እንጂ የታመሙ አይደሉም፤ በአብዛኛውም መድኃኒት አያስፈልጋቸውም፡፡ ስለዚህ የምርመራው ውጤት ከሕመሙ ምልክቶች ጋር ተገናዝቦ መታየት ይኖርበታል፡፡

የአፍ ነዋሪዎች ጉዳት የሚያደርሱበት ሁኔታ

በአፍ ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ጉዳት የሚያደርሱት ከተለመደው ስፍራቸው አልፈው ወደ ጥልቅ የሰውነት ክፍል ሲገቡ ነው፡፡ ለዚህም በር የሚከፍቱት የተቦረቦረ ጥርስ፣ የቆሰለ ድድና ቀደም ሲል በሌላ ተህዋሲ የተጎዳ ቶንሲል ናቸው፡፡

ከእነዚህ ሁኔታዎች በብዛት የሚታየው በቶንሲል ዙሪያ መግል መቋጠር ነው፡፡ በመግሉ ውስጥ ስትሬፕቶኮከስ ፓዮጂንስና አየር የማይፈልጉ የአፍ ባክቴሪያዎች ብዙ ጊዜ ተቀላቅለው ይገኛሉ፡፡ ታማሚው በአንድ ወገን ከባድ ሕመም ይሰማዋል፣ አፉን መክፈት ያቅተዋል፣ ድምፁ ይታፈናል፣ ምራቁንም መዋጥ ስለሚሳነው ይዝረከረካል፡፡ ይህ በመድኃኒት ብቻ የሚታለፍ ባለመሆኑ መግሉ በባለሙያ እንዲወጣ ያስፈልጋል፡፡

ሁለተኛው ጀርመናዊው ሐኪም ቪልሄልም ፍሬድሪክ ፎን ሉድቪግ እ.ኤ.አ በ1836 የገለጸው የአገጭ ሥርና የምላስ ሥር እብጠት ነው፡፡ መነሻው በአብዛኛው የታችኛው መንጋጋ ጥርስ መበስበስ ነው፡፡ እብጠቱ ምላስን ወደ ላይና ወደ ኋላ በመግፋት የአየር መተላለፊያውን ሊዘጋ ስለሚችል አንቲባዮቲክ ከመገኘቱ በፊት ከተያዙት ሰዎች ከግማሽ በላይ ይሞቱ ነበር፡፡

ሦስተኛው ፈረንሳዊው ሐኪም አንድሬ ለሚየር እ.ኤ.አ በ1936 በዝርዝር ያቀረበው ነው፡፡ በዚህ ሕመም ፉሶባክቴሪየም ኔክሮፎረም የተባለው የአፍና የጉሮሮ ባክቴሪያ ከቶንሲል ተነሥቶ የአንገት ደም መላሽ ሥር ውስጥ ይገባና ደም እንዲረጋ በማድረግ ወደ ሳንባ ይሠራጫል፡፡ ለሚየር ከገለጻቸው 20 ታማሚዎች መካከል 18ቱ ሞተዋል፡፡ ሕመሙ በጣም አልፎ አልፎ የሚከሰት ሲሆን፣ ዛሬ በጊዜ ከታወቀ ይድናል፡፡ የጉሮሮ ሕመም ያለበት ወጣት ከቀናት በኋላ ብርድ ብርድ የሚል ከፍተኛ ትኩሳትና የአንገት እብጠት ከታየበት ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል መሄድ ይኖርበታል፡፡

ከዚህም ሌላ በምግብ እጥረትና በኩፍኝ በተዳከሙ ሕፃናት ላይ የአፍ ባክቴሪያዎች ከድድ ቁስል ተነሥተው ጉንጭንና የፊት አጥንትን የሚበሉበት ኖማ የተባለ በሽታ አለ፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት ኖማን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው እ.ኤ.አ በታኅሣሥ ወር 2023 ነው፡፡

ከጉሮሮ ወደ ልብ

የጉሮሮ ሕመም ትልቁ አደጋ ያለው በጉሮሮ ላይ አይደለም፡፡ ሰውነት ስትሬፕቶኮከስ ፓዮጂንስን ለመዋጋት የሚያዘጋጀው የመከላከያ ኃይል በአንዳንድ ልጆች ላይ የባክቴሪያውን ክፍሎች ከራሱ ከሰውነት ክፍሎች ለይቶ ሳያውቅ ይቀራል፡፡ በዚህም ምክንያት ጉሮሮው ከዳነ ከ2 እስከ 3 ሳምንታት ያህል በኋላ ሩማቲክ ትኩሳት የሚባለው ሕመም ይከሰታል፡፡ ትላልቅ መገጣጠሚያዎች እየተፈራረቁ ያብጣሉ፤ ትኩሳት ይኖራል፤ ልብም ይቆጣል፡፡ የመገጣጠሚያው ሕመም ጠባሳ ሳይተው ያልፋል፡፡ በልብ ቫልቮች (ክዳኖች) ላይ የሚደርሰው ጉዳት ግን ይቀራል፤ ሕመሙ በተደጋገመ ቁጥርም እየከፋ ይሄዳል፡፡

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዓለም 55 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሩማቲክ የልብ ሕመም ያለባቸው ሲሆን፣ በየዓመቱ 360 ሺህ ያህሉ ሕይወታቸውን ያጣሉ፡፡ በደቡብ አፍሪካ ኬፕ ታውንና በኢትዮጵያ ጅማ ምንም ምልክት በማይታይባቸው 4 ሺህ 720 ተማሪዎች ላይ በተካሄደውና እ.ኤ.አ በ2015 በታተመው ጥናት፣ በጅማ ከተመረመሩት ከ1 ሺህ ተማሪዎች ወደ 30 በሚጠጉት ላይ የሕመሙ ምልክት በልብ አልትራሳውንድ ተገኝቷል፡፡ ይህም ብዙ ልጆች ሕመሙን ሳያውቁ ተሸክመው ትምህርት ቤት እንደሚውሉ ያስገነዝባል፡፡

የአፍ ነዋሪዎቹ ጉዳይ እንደገና የሚነሣው እዚህ ላይ ነው፡፡ ሰው ጠንካራ ምግብ ሲያኝክ፣ ጥርሱን ሲቦርሽ ወይም ጥርስ ሲነቀልለት ጥቂት የአፍ ባክቴሪያዎች በድድ በኩል ወደ ደም ይገባሉ፡፡ በጤናማ ሰው ደም ውስጥ ወዲያውኑ ይወገዳሉ፡፡ ቫልቩ የተጎዳ ከሆነ ግን በሻከረው ገጽ ላይ ተጣብቀው ይራባሉ፡፡ ኢንዶካርዳይቲስ የሚባለው ይህ የልብ ውስጠኛ ገጽ ብግነት ለሳምንታት በሚቆይ ትኩሳት፣ በሌሊት ላብ፣ በድካምና በክብደት መቀነስ ይገለጻል፤ ካልታከመም ይገድላል፡፡ ስለሆነም አንዱ ባክቴሪያ በልጅነት በጉሮሮ በኩል የጎዳውን ልብ፣ በአፍ ውስጥ በሰላም ሲኖር የነበረው ሌላው ባክቴሪያ ከዓመታት በኋላ ሊያጠቃው ይችላል ማለት ነው፡፡

በዚህ ምክንያት ሩማቲክ የልብ ሕመም ያለበት ሰው ለጥርስና ለድድ ንጽህና ከሌላው የበለጠ ጥንቃቄ ማድረግ፣ ጥርስ ከማስነቀሉ በፊትም የልብ ሕመም እንዳለበት ለጥርስ ሐኪሙ መንገር ይኖርበታል፡፡ አስቀድሞ የሚወሰድ መድኃኒት ማስፈለግ አለማስፈለጉን የሚወስነው ሐኪሙ ነው፡፡

ሕክምናውና የመድኃኒት አጠቃቀም

ስትሬፕቶኮከስ ፓዮጂንስ እስካሁን ፔኒሲሊንን የመቋቋም ባሕርይ አላሳየም፡፡ እ.ኤ.አ በ1940ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ዋዮሚንግ ግዛት በሚገኘው ዋረን የአየር ኃይል ሠፈር በወታደሮች ላይ የተደረገውና በ1950 ይፋ የሆነው ጥናት የጉሮሮውን ሕመም በፔኒሲሊን ማከም ሩማቲክ ትኩሳትን እንደሚከላከል አረጋግጧል፡፡ ሕመሙ ከጀመረ እስከ 9ኛው ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ መድኃኒቱ ቢጀመር እንኳ ሩማቲክ ትኩሳትን መከላከል ይቻላል፡፡ ስለዚህ ከገጠር ወደ ጤና ጣቢያ ለመምጣት ጥቂት ቀናት የፈጀበት ታማሚም ጊዜው አልፎበታል ተብሎ ሊመለስ አይገባም፡፡

ሕክምናው የሚሰጠው በአንድ ጊዜ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ወይም ለ10 ቀናት በሚዋጥ መድኃኒት ነው፡፡ የሚዋጠው መድኃኒት ሕመሙ በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን ቢሻልም እስከ መጨረሻው መወሰድ አለበት፡፡ ለፔኒሲሊን አለርጂ ያለባቸው ሰዎች ሌላ ዓይነት መድኃኒት ይታዘዝላቸዋል፡፡ ቀደም ሲል ሩማቲክ ትኩሳት የያዛቸው ደግሞ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ለብዙ ዓመታት ሳያቋርጡ መውሰድ ይጠበቅባቸዋል፡፡

በአንጻሩ በቫይረስ ለሚመጣ የጉሮሮ ሕመም አንቲባዮቲክ መውሰድ ጥቅም የለውም፤ ጉዳት ግን አለው፡፡ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ተገዝቶ የሚዋጥ አሞክሳሲሊን ቫይረሱን ሳይነካ የአፍ ነዋሪዎችን ይመታል፡፡ ከእነዚህም መካከል መድኃኒቱን የሚቋቋሙት ተርፈው ይራባሉ፡፡ የአፍ ነዋሪ የሆኑ የስትሬፕቶኮከስ ዝርያዎች ይህን የመቋቋም ባሕርይ የሳንባ ምች ለሚያስከትለው ኒሞኮከስ ማስተላለፋቸው በምርምር ተረጋግጧል፡፡ የሳንባ ምች በርካታ ሕፃናትን የሚገድል በሽታ በመሆኑ የአንድ ሰው ያልተገባ የመድኃኒት አጠቃቀም ጉዳቱ ለሌላውም ይተርፋል፡፡

ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች

በአገራችን በተለያዩ አካባቢዎች የጉሮሮ ሕመምን ለመከላከል ወይም ለማዳን በሚል የሕፃናትን እንጥል ማስቆረጥ፣ ቶንሲል ማስቧጠጥና የወተት ጥርስ ማስነቀል ሲሠራባቸው የቆዩ ድርጊቶች ናቸው፡፡ እንጥል ካልተቆረጠ አብጦ ሕፃኑን ያንቃል የሚለው እምነት የሕክምና መሠረት የለውም፡፡ ባክቴሪያው የሚያርፈው በጉሮሮና በቶንሲል ላይ በመሆኑ እንጥል በመቆረጡ የሚቀር የስትሬፕቶኮከስ ሕመም የለም፡፡

በሌላ በኩል ንጽህናው ባልተጠበቀ መሣሪያ የሚፈጸመው ቆረጣ ለደም መፍሰስ፣ ለመንጋጋ ቆልፍና በደም ለሚተላለፉ በሽታዎች ያጋልጣል፡፡ የአፍ ባክቴሪያዎችም በቁስሉ በኩል ወደ ጥልቅ ክፍል የሚገቡበትን መንገድ ያገኛሉ፡፡ የ1996ቱ የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በጎጂ ልማዳዊ ድርጊት በሕፃናት ሕይወትና አካል ላይ ጉዳት ማድረስን በወንጀልነት ደንግጓል፡፡ ሆኖም ድርጊቱን በዘለቄታ ለማስቀረት ወላጆች ልጃቸው በታመመ ጊዜ ሊሄዱበት የሚችሉት፣ መድኃኒትም የሚያገኙበት ጤና ጣቢያ በቅርባቸው መኖሩ ወሳኝ ነው፡፡

መከላከያ መንገዶች

ጥርስን በቀን ሁለት ጊዜ በብሩሽና በፍሎራይድ የጥርስ ሳሙና ማጽዳት፣ መፋቂያም ከሆነ ድድን ሳያቆስሉ ሁሉንም ጥርሶች በሚገባ መፋቅ፣ ጣፋጭ ነገር መቀነስ፣ ከትምባሆ መራቅና የተቦረቦረ ጥርስን በጊዜ ማሳከም ከአፍ ነዋሪዎች የሚመጣውን አደጋ ይቀንሳሉ፡፡ ይሁንና ጥርስን ማጽዳት ብቻውን ከሰው የሚተላለፈውን ስትሬፕቶኮከስ አይከላከልም፡፡ ለዚህ የሚያስፈልገው ሲያስሉና ሲያስነጥሱ አፍን መሸፈን፣ እጅን በሳሙና መታጠብ፣ የመማሪያና የሥራ ክፍሎችን መስኮት መክፈትና መጨናነቅን መቀነስ ነው፡፡ የታመመ ልጅ አንቲባዮቲክ ከጀመረ 24 ሰዓት እስኪሞላው ድረስ ከትምህርት ቤት ቢቀር፣ በዚህ ጊዜ ውስጥም በአንድ ብርጭቆ ከመጠጣትና በእጁ ከማጉረስ ቢቆጠብ ሌሎችን ከመያዝ ያድናል፡፡

ከመንግሥት ተቋማት የሚጠበቀው

የጉዳዩ አሳሳቢነት በአህጉርና በዓለም ደረጃ ዕውቅና አግኝቷል፡፡ እ.ኤ.አ በ2015 በአፍሪካ ኅብረት ጽሕፈት ቤት የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ሩማቲክ የልብ ሕመምን ከአፍሪካ ለማጥፋት የሚያስችል የአዲስ አበባ መግለጫ አውጥተዋል፡፡ መግለጫው ካካተታቸው ሰባት ነጥቦች መካከል የሕሙማን መዝገብ ማቋቋም፣ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን አቅርቦት እንዳይቋረጥ ማድረግ፣ ምርመራውን እስከ ታችኛው የጤና ተቋም ማውረድና የልብ ቀዶ ሕክምና ማዕከላትን ማጠናከር ይገኙበታል፡፡ የዓለም የጤና ጉባኤም እ.ኤ.አ በ2018 በዚሁ ሕመም ላይ የውሳኔ ሐሳብ ያጸደቀ ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2024 የመከላከያና የምርመራ መመሪያ አውጥቷል፡፡

በተጎዳ የልብ ቫልቭ ላይ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና ውድ ከመሆኑም ሌላ በአገር ውስጥ የሚሰጥባቸው ተቋማት ጥቂት በመሆናቸው ብዙ ሕፃናት ተራ ለመጠበቅ ይገደዳሉ፡፡ የጉሮሮውን ሕመም በጊዜው የሚያድነው የፔኒሲሊን መርፌ ግን በጤና ጣቢያ ደረጃ ሊሰጥ የሚችልና ዋጋው ዝቅተኛ የሆነ መድኃኒት ነው፡፡ በመሆኑም በየደረጃው ያሉ የጤና ጽሕፈት ቤቶች መድኃኒቱ በክምችት መኖሩን በየጊዜው ማረጋገጥ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና መምህራን ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ያለበትን ልጅ ለይተው ወደ ጤና ጣቢያ እንዲልኩ ማድረግ፣ የመድኃኒት ቁጥጥር አካላትም ያለ ማዘዣ የሚሸጥ አንቲባዮቲክን መቆጣጠር ይጠበቅባቸዋል፡፡

በአጠቃላይ በአፍ ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች በጥንቃቄ ከተያዙ ጎረቤት እንጂ ጠላት አይደሉም፡፡ ሊፈራ የሚገባው ከሰው ወደ ሰው ተላልፎ የሚመጣውና ሳይታከም የሚቀረው ስትሬፕቶኮከስ ነው፡፡ በአንድ ልጅ ላይ የታየ የጉሮሮ ሕመም በወቅቱ ተለይቶ በትክክለኛው መድኃኒት ከታከመ ልጁን ከዕድሜ ልክ የልብ ሕመም፣ ቤተሰቡንና አገሩንም ከከባድ የሕክምና ወጪ ማዳን ይቻላል፡፡